ለትንንሽ የተፈጥሮ ሥዕሎች የትኛው ቀለም ይሻላል? የውኃ ቀለም፣ ጉዋሽ፣ አክሪሊክ፣ የዘይት ቀለም ወይስ ፓስቴል

በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ትንሽ ሥዕል፣ ከፖስትካርድ ብዙም የማይበልጥ፤ ቅጠል፣ ወፍ፣ ጉም የለበሰ ተራራ፣ ከዝናብ በኋላ ያለ ቀይ አፈር። ይህን ልማዱ ሊያደርግ የሚነሳ ሰው ገና ብሩሽ ሳይጨብጥ መደብር ውስጥ ግራ ይጋባል። ቱቦው ሁሉ ይመሳሰላል፤ ዋጋው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ሻጩም ብዙውን ጊዜ የሚያወድሰው መደርደሪያው ላይ ያለውን ነው።

በዚያ ላይ እኛ ዘንድ ሥዕል ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ትልቅ ሸራና የዘይት ቀለም ነው። የብራና መጻሕፍት ሠዓሊዎች ለዘመናት ከመዳፍ በማይሰፋ ቦታ ሲሥሉ የኖሩበት አገር መሆናችንን እንረሳዋለን። ትንሽ ሥዕል የራሱ ሥራ ነው፤ የሚፈልገውም ዕቃ ይለያል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለዘወትር ልምምድ የሚሆነው ቀለም ደክሟችሁ ከሥራ ስትገቡ እንኳ ለማውጣት የማይታክታችሁ፣ ሥዕሉ ቢበላሽም የማያንገበግባችሁ ነው። የቀለሙ ውበት ከዚያ በኋላ ይታያል።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ያላችሁ ግማሽ ሰዓት ሆኖ ዕቃ ለማሰናዳትና ለማጠብ ብቻ ሃያ ደቂቃ የሚሄድ ከሆነ ልማዱ ብዙ አይዘልቅም። ሁለተኛው እርማት ነው፤ በተሳሳተ ቅጠል ላይ ደርቦ መቀባት ይቻላል ወይስ ወረቀቱን መጣል ነው? ሦስተኛው ሽታና ደኅንነት፤ በተለይ አንዱ ክፍል ሳሎንም መኝታም በሆነበት ቤት። እነዚህ ብዙ ማብራሪያ አይሹም። የቀሩት ሦስቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ናቸው፤ እነሱ ላይ እንቆይ።

ወረቀት። የውኃ ቀለም ገዝቶ በፎቶኮፒ ወረቀት ላይ የሞከረ ሰው “ይሄ ነገር ለኔ አልተፈጠረም” ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም። የፎቶኮፒ ወረቀት ብዙውን ጊዜ በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ውኃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ቀለሙንም ወዲያው ይመጠዋል። ለውኃ ቀለም የሚሻለው 300 ግራም የሆነ፣ ቢቻል ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ነው። ዋጋው ያስደነግጣል። ሒሳቡን ግን እዩት፦ 56 በ76 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ሙሉ ወረቀት አጭሩን ጎን ለ4፣ ረጅሙን ለ8 ብትከፍሉት 14 በ9.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 32 ቁራጮች ይወጡታል። በሳምንት አንድ ለሚሥል ሰው ከሰባት ወር በላይ ነው፤ ጀርባውንም መጠቀም ይቻላል። ከቀለምና ከወረቀት አንዱን ብቻ በደህና ጥራት መግዛት የሚችል ሰው፣ እኔን ካማከረኝ፣ ወረቀቱን ይግዛ።

ሽፋኑ ላይ “ለውኃ ቀለም” ስለተባለ ብቻ አትመኑት። አንድ የወረቀት ቅጠል ወስዳችሁ ጠብታ ውኃ አኑሩበት። ጠብታው ጉብ ብሎ ጥቂት ከቆየ ወረቀቱ ይሆናችኋል። ወዲያው ሰርጎ በጀርባው ከታየ ለእርሳስ ሥራ ተዉት።

ብርሃን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። መስኮት አጠገብ የሰቀላችሁት ሮዝ አበባ ሲውል ሲያድር ግራጫ ቢሆን ጥፋቱ የቀለሙ ዱቄት ነው። ደህና ቱቦ ላይ የዱቄቱ መለያ በፊደልና በቁጥር ይጻፋል። ፒ-ቢ 29 አልትራማሪን ሰማያዊ ነው፤ ፒ-ዋይ 43 ቢጫ የአፈር ቀለም፣ ፒ-ቪ 19 ደግሞ ኪናክሪዶን ሮዝ፤ ሦስቱም ብርሃን ይችላሉ። ፒ-አር 83፣ አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለው ደማቅ ቀይ፣ ይደበዝዛል፤ እንደ መብራት የሚያበሩት ሮዞችም እንዲሁ። ምንም መለያ የሌለውን ስብስብ ለመለማመጃ ያዙት፣ ለስጦታ ግን አትሥሉበት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ ቀለም አንዳንድ መስመር በወረቀት ላይ ቀቡ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍኑ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥፉትና ካርቶኑን አንስታችሁ አወዳድሩ።

የአንዱ ሥዕል ዋጋ። የስብስቡ ዋጋ ያሳስታል። ፖስትካርድ የሚያህል ሥዕል የሚበላው ቀለም ኢምንት ስለሆነ ውድ የመሰለው ትንሽ የውኃ ቀለም ሣጥን በሥዕል ሲካፈል ይረክሳል። ማንም የማይነግራችሁ ወጪ ክፈፍ ነው። በወረቀት ላይ የተሠራ የውኃ ቀለምና ጉዋሽ ለመሰቀል መስታወት ይፈልጋል፤ አክሪሊክና ዘይት አይፈልጉም። በሣጥን ወይም በአልበም የምታስቀምጡ ከሆነ ይህ አያሳስባችሁም።

አንድ ትዕይንት፣ አምስት ቀለም

ሁሉንም በአንድ ነገር እንፈትናቸው፦ በመስከረም ሜዳ ላይ የፈካ አደይ አበባ፣ ከበስተኋላው ባሕር ዛፍ የለበሰና ግማሹን ጉም የሸፈነው ተራራ። እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው በዓይነ ኅሊናው ያየዋል። ትዕይንቱ ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን ይጠይቃል፤ ለስላሳ ጉም፣ እና በጥቁር አረንጓዴ ላይ የሚጮህ ቢጫ።

*የውኃ ቀለም*

ለጉሙ አቻ የለውም። ወረቀቱን አርጥቦ ሰማያዊና ግራጫ ጠብ ማድረግ ነው፤ የቀረውን ውኃው ይሠራዋል። ቢጫው ላይ ግን ያስቸግራል። ቀለሙ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ በደረቀ አረንጓዴ ላይ ቢጫ ብትጨምሩ አበባው አይታይም። ነጩም ወረቀቱ ራሱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ አበቦቹን በቢጫ ነጥቦ፣ እስኪደርቁ ጠብቆ፣ አረንጓዴውን በዙሪያቸው ማዞር ያስፈልጋል። ይህ ማለት ሥዕሉን ከመጀመራችሁ በፊት በሐሳብ መጨረስ ነው። አንዳንዱ ሰው ለዚህ ሲል ይወደዋል፤ አንዳንዱ ለዚሁ ሲል ይሸሸዋል።

በጊዜ በኩል የሚያክለው የለም። አንድ ኩባያ ውኃ፣ አንድ ክብ ብሩሽ፣ በትንሽ ሣጥን የደረቀ ቀለም። ቀለሙ በፓሌቱ ላይ ቢደርቅም በውኃ ይነሣል፤ ስለዚህ የሚባክን የለም። በኪስ ይዞ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሄዶ መቀመጥም ይቻላል። (ልጆች ከበው “እኔንም ሣለኝ” ማለታቸው አይቀርም፤ ትርፍ ወረቀት ያዙ።)

ወቅቱን ግን ማወቅ ነው። በበጋ የመጀመሪያው ንብርብር ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ይደርቃል። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ስለሚይዘው ሳይደርቅ የደረበ ሰው ጭቃ ያተርፋል። በክረምት ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ጀምሩ፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ትቀጥላላችሁ።

አንድ ምክር ስለ አረንጓዴ፦ ከሣጥኑ የሚወጣው የተዘጋጀ አረንጓዴ ለባሕር ዛፍ ቅጠል አይሆንም፤ ይጮሃል። አልትራማሪንን ከቢጫ የአፈር ቀለም ጋር አዋህዱ፣ አረንጓዴው አሁንም ከጮኸ ጥቂት ቡናማ ጨምሩበት። ያ ግራጫ የቀላቀለ አረንጓዴ የሚገኘው እንዲህ ነው።

*ጉዋሽ*

ማጣበቂያው እንደ ውኃ ቀለም የግራር ሙጫ ነው፤ ልዩነቱ የቀለም ዱቄቱ በዝቶ ከሥሩ ያለውን መሸፈኑ ነው። ሜዳውን በጥቁር አረንጓዴ ሞልታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አበባውን ከላይ ታስቀምጣላችሁ። ቢጫ ብቻውን ደካማ ነውና መጀመሪያ ነጭ ነጥብ፣ ሲደርቅ ቢጫ። እጅ ግን ቀላል ይሁን፤ የታችኛው ቀለም ውኃ ሲያገኝ ነቅቶ ይቀላቀላል። ወፈር ያለ ቀለም፣ ትንሽ ውኃ፣ አንድ ጊዜ ነክቶ መተው ነው ዘዴው።

ሌላው ጠባዩ ሲደርቅ መለወጡ ነው። ጥቁሩ ትንሽ ይነጣል፣ ነጣ ያለው ትንሽ ይጠቁራል። በቁራጭ ወረቀት ላይ አድርቆ ማየት ልማድ ካልሆነ በየጊዜው ያናድዳል። በሌላ በኩል 200 ግራም ወረቀት ይበቃዋል፤ ቡናማ ወረቀት ላይ ሲሠሩበት ደግሞ የአፈርና የሣር ሥዕል ግማሹ የተሠራ ያህል ነው። ድፍን ያለ ፊት ስላለው በስልክ ፎቶ ሲነሣም አያንጸባርቅም።

በጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ፖስተር ከለር ተብሎ የሚሸጠው የጉዋሽ ዘመድ ነው። ለመለማመድ ይበቃል። ሲደርቅ የኖራ መልክ ይይዛል፣ ብርሃንም አይችልም።

*አክሪሊክ*

ለቢጫው አበባ የመጨረሻው መልስ ይህ ነው። በደቂቃዎች ይደርቃል፤ ከደረቀ ፕላስቲክ ስለሆነ ውኃ አያነሣውም፤ አሥር ጊዜ ቢደረብበት የታችኛው አይነቃም። ስህተትን ለሚፈራ ጀማሪ ትልቅ እረፍት ነው። ወለል አይመርጥም ማለት ይቻላል። ጌሶ (ከሥዕሉ በፊት ወለሉን ለማዘጋጀት የሚቀባ ነጭ ቀለም) የተቀባ ካርቶን፣ ወፍራም ወረቀት፣ ከአናጢ ቤት የተረፈ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ሁሉም ይሆናል። ደህና ወረቀት ማግኘት ለሚቸግረው ከተማ ነዋሪ ይህ ብቻውን ወሳኝ ነው።

ጉሙ ግን ያስቸግራል። ሁለቱን ቀለም ሳታዋህዱ አንዱ ይደርቃል፤ በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ ይብሳል። ክዳን ባለው ምሳ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት አንጥፋችሁ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጋችሁ ቀለሙን እዚያ ብታወጡ ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል። ለጉሙም በጣም የቀጠነ ቀለም ደጋግሞ በስሱ መደረብ ነው።

ብሩሽ ላይ ጨካኝ ነው። ስልክ ለማንሣት የተነሣችሁበት ጥቂት ደቂቃ ብሩሹን ዱላ ያደርገዋል። ልብስ ላይ ከደረቀም አይለቅም። ስትጨርሱ ትርፉን ቀለም በወረቀት ጠርጋችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፤ በመታጠቢያው ከለቀቃችሁት ቱቦው ውስጥ ይጋገራል።

*የዘይት ቀለም*

በጉሙም በቢጫውም የሚያምረው እሱ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ተራራውና ሰማዩ ሳይደርቁ ይዋሃዳሉ፤ ቢጫው ወፍሮ ሲቀመጥ እውነተኛ አበባ ይመስላል። ግን የምንመርጠው ለሳምንታዊ ልማድ ነው።

ዘይቱ የሚደርቀው ውኃ እንደሚተን ተኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው፤ ለመንካት እንኳ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ቫርኒሽ ለመቀባት በተለምዶ ከ6 እስከ 12 ወር ይጠበቃል። በየሳምንቱ የምትሥሉ ከሆነ ያልደረቁ ሥዕሎች ይከማቻሉ፤ በቤቱ ድመትና ሕፃን ካለ ችግሩን ታውቁታላችሁ። የአኳራጅ፣ ማለትም የቀለም ማቅጠኛው፣ ሽታ ሌላ ነው። መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ በፍጹም አይመከርም። ብሩሹን በአኳራጅ ፈንታ በምግብ ዘይት አልቅልቆ በሳሙና ማጠብ ይቻላል፤ የምግብ ዘይትን ግን ቀለሙ ውስጥ አትጨምሩ። የፓልም ዘይት አይደርቅም። ቀለሙን የሚያደርቀው የተልባ ዘይት ነው።

ይህ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ከተጣለ ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ከታችሁ ክደኑት። ወረቀት ላይ የምትሠሩ ከሆነም ቢያንስ ሁለት እጅ ጌሶ ይቅደም፤ ያለበለዚያ ዘይቱ ወረቀቱን እያደር ያደርቀውና ይሰባብረዋል።

*ኦይል ፓስቴልና ባለቀለም እርሳስ*

ውኃም ብሩሽም የለም፤ ማጽዳት እጅ መታጠብ ነው። ኦይል ፓስቴል ቢጫውን በደንብ ያወጣዋል፣ ጉሙን በጣት ማሸት ይቻላል፣ ግን ጫፉ ወፍራም ስለሆነ ፖስትካርድ በሚያህል ወረቀት ላይ የአበባው ቅጠል አይለይም። ሙሉ በሙሉም አይደርቅም፤ በመሐል ወረቀት አድርጋችሁ አስቀምጡ። እርሳሱ ተቃራኒ ነው። የቅጠል ጅማት፣ የላባ መስመር ይሆንለታል፤ ሰማይ መሙላት ግን ትዕግሥት ይጨርሳል።

ከቤት የሚሠራ ቀለም

ይህን ሙሉ አማራጭ አልለውም፤ ለሚወደው ሰው ግን ከተፈጥሮ ሥዕል ጋር የሚሄድ ተጨማሪ ነው። ቀይ አፈር በውኃ በጥብጡ፣ ጠጠሩ ሲዘቅጥ የደፈረሰውን ወደ ሌላ ዕቃ አፍስሱ፣ እስኪጠል ጠብቁና ደለሉን አድርቃችሁ ፍጩት። አንድ እጅ የግራር ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውኃ አሟሙታችሁ፣ እንዳይሰነጣጠቅ ጥቂት ማር ጨምራችሁ ከዱቄቱ ጋር እሹት። የሚሸጥላችሁ ሰው ዕጣን እንዳይሰጣችሁ ተጠንቀቁ፤ ዕጣን በውኃ ብቻ እንደ ሙጫው አይሟሟም። የአፈር ቀለም ብርሃን በደንብ ከሚችሉት አንዱ ነው።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መመዘኛ | የውኃ ቀለም | ጉዋሽ | አክሪሊክ | የዘይት ቀለም | ፓስቴልና እርሳስ |
|---|---|---|---|---|---|
| ዝግጅትና ማጽዳት | በጣም አጭር | አጭር | መካከለኛ፣ ብሩሽ ቶሎ መታጠብ አለበት | ረጅም | የለም ማለት ይቻላል |
| እርማት | ከባድ | ይቻላል፣ በቀላል እጅ | በጣም ቀላል | ቀላል | የተወሰነ |
| መድረቅ | ደቂቃዎች፤ በክረምት ይረዝማል | ደቂቃዎች | ደቂቃዎች | ቀናት እስከ ሳምንታት | እርሳስ ወዲያው፤ ኦይል ፓስቴል ሙሉ በሙሉ አይደርቅም |
| ወለል | 300 ግራም ወረቀት | 200 ግራም ይበቃል | ማንኛውም ጌሶ የተቀባ | ጌሶ የተቀባ ብቻ | ተራ የሥዕል ወረቀት |
| ሽታ | የለም | የለም | ትንሽ | አለ፣ በተለይ ከአኳራጅ | ትንሽ ወይም የለም |
| ለመስቀል | መስታወት ይሻል | መስታወት ይሻል | አይሻም | አይሻም | መስታወት ይሻል |
| የሚያምርበት | ጉም፣ ውኃ፣ ሰማይ | አበባ፣ ሜዳ፣ ወፍ | ድርብርብ ቅጠል፣ ድንጋይ | ሁሉም፣ ጊዜ ላለው | ኦይል ፓስቴል ለጉልህ ቀለም፣ እርሳስ ለላባና ለጅማት |

ለማን የትኛው?

አብዛኛው ሠራተኛ የሚሥለው ማታ ስለሆነ ከቀለም በፊት አምፖሉን ይመልከት። ቢጫ ብርሃን በሚሰጥ አምፖል ሥር ቢጫ ቀለም ከነጭ ወረቀት አይለይም፤ ጠዋት ስታዩት አደይ አበባው ብርቱካን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማሸጊያው ላይ ወደ 5,000 ኬልቪን የተጻፈበት ነጭ አምፖል ይህን ያስቀራል።

በጀቱ በጣም ትንሽ ከሆነ ባለቀለም እርሳስ፣ ወይም የተማሪ አክሪሊክና ከማሸጊያ ካርቶን የተቆረጠ ወለል። ካርቶኑ ከዓመታት በኋላ ይጠቁራል፤ ለመለማመጃ ግን ምንም አይልም። እዚህ ደረጃ ላይ የውኃ ቀለም አልመክርም፤ ርካሽ ቀለም ከርካሽ ወረቀት ጋር ሲገናኝ ተስፋ ያስቆርጣል።

መካከለኛ በጀት ላለውና ጊዜ ለሚያጥረው ሰው ምርጫዬ የውኃ ቀለም ነው፤ አንድ ሙሉ ጥሩ ወረቀት፣ አንድ ቁጥር 8 ክብ ብሩሽ፣ ስድስት ቀለም፦ ቀዝቃዛ (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ) ቢጫ፣ ቢጫ የአፈር ቀለም፣ ኪናክሪዶን ሮዝ፣ አልትራማሪን፣ ፕታሎ ሰማያዊ (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብርቱ ሰማያዊ)፣ በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ)። አንድ የነጭ ጉዋሽ ቱቦ ከጨመራችሁበት የአበባው ችግር ግማሹ ተፈታ። የጥበብ ንጽሕና ጠባቂዎች ይህን ቅልቅል አይወዱትም፤ አትስሟቸው።

እርማት ለሚወድ፣ በአንድ ጊዜ የማይወስን ሰው ጉዋሽ ይሻለዋል። ሥዕሉን ሸጦ ወጪውን ለመመለስ ላሰበ ደግሞ አክሪሊክ በትንሽ ኮምፔርሳቶ ላይ፤ መስታወት ስለማይፈልግ የክፈፉ ወጪ ይቀንሳል፣ ሲጓጓዝም አይሰበርም። ዘይቱ የራሱ ክፍልና የሚከፈት መስኮት ላለው፣ በወር አንድ ሥዕል ለሚበቃው ሰው ይቆይ። ልጆች አብረው የሚሥሉበት ቤት ከፓስቴልና ከእርሳስ ይጀምር፤ የአዋቂዎቹን ቱቦ ግን ካድሚየም ወይም ኮባልት ሊኖረው ስለሚችል ከልጆች እጅ አርቁ፣ ብሩሽም በምላስ አታሹሉ።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ ዕቃ የምታዝዙ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለወረቀት ነው፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሻንጣው ሥር ይነጠፋል። ቀጥሎ መለያቸው የተጻፈ ትንንሽ የቀለም ቱቦዎች፣ 5 ሚሊ ሊትሩ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይበቃል። ብሩሽ የምታስመጡ ከሆነ ጫፉ እንዳይታጠፍ ከሁለት ካርቶን መሐል ይታሰር። አኳራጅና ተርፔንታይን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን አይጫኑም፤ እነሱን ከሰፈር ቀለም ቤት ግዙ።